ወረርሽኝ ሲገባ አስታማሚ ከሆስፒታል ይውጣ?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው መከራከሪያችን፦ ወረርሽኝ ሲመጣ ሆስፒታሎች አስታማሚና ጠያቂ መከልከል አለባቸው ወይ? መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ ብዙ ቦታ በር ተዘግቶ ነበር። ኅዳር 2018 ጂንካ ላይ ማርበርግ የሚባለው ገዳይ ቫይረስ ሲረጋገጥ ያው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። ስድብ አይፈቀድም።

የማታ ተረኛ፦ ነርስ ነኝ። ይከለከል ባይ ነኝ፣ ምንም ማለሳለስ አያስፈልገውም። ማታ ዋርድ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? በየአልጋው ሥር ካርቶን ወይ ፍራሽ ተነጥፏል። ቀን ደግሞ ጠያቂው በፌስታል ብርቱካን አንጠልጥሎ ይመጣል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል፣ ከዛ የማያውቀውን ታማሚ ሁሉ ሳይቀር «እግዜር ይማርህ» እያለ እየጨበጠ ይዞራል። ደግነቱ አይካድም፣ ግን በሽታውን ከአልጋ አልጋ የሚያደርሰው ያ እጅ ነው። እኛም ቤታችን ልጅ አለን።

የኮልፌው፦ ሲስተር፣ ሥራሽን አከብራለሁ። ግን አስታማሚው ካርቶን ላይ የሚተኛው ቸግሮት ነው እንጂ ወዶ ነው እንዴ? የመድኃኒት ወረቀት ተሰጥቶት ፋርማሲ ለፋርማሲ የሚዞረው እሱ ነው። ናሙና ይዞ ላብራቶሪ ይሮጣል፣ ዊልቸር ገፍቶ ራጅ ያስነሳል፣ ፖፖ ይደፋል። እሱን ስታስወጡት ሥራውን ማን ተረከበው? በኮሮና ጊዜ አጎቴ ተኝቶ (የት እንደሆነ ይቅር) ጥበቃው «አስታማሚ ክልክል ነው» ብሎ መለሰን። ከሰዓት በኋላ ከውስጥ ተደውሎ «ግሉኮስ የለም፣ ገዝታችሁ አምጡ» ተባልን። በአጥር ሽንቁር ነው ያቀበልነው። ሽንቁሯ ጋ ተሰልፎ የነበረውን ሰው ብታዪ ዋርዱ ይሻል ነበር።

ሜሪላንድ ነኝ፦ እዚህ አሜሪካ ነርሷ ሁሉንም ትሠራለች፣ ከቤተሰብ ምንም አይጠበቅም። ሆኖም ክልከላው ጠባሳ ጥሎ ነው ያለፈው። ነርሷ ታብሌት ይዛላቸው ሰዎች እናታቸውን በስክሪን ተሰናበቱ። እንግሊዝኛ የማይችሉ የኛ አዛውንቶች ደግሞ የት እንደሚያማቸው እንኳ የሚናገርላቸው ሰው አጠገባቸው አልነበረም።

የማታ ተረኛ፦ ያሳዝናል፣ ግን እነዛው ሆስፒታሎች ውስጥ ስንት ባለሙያ እንደሞተም አስቢ።

ጠቅላላ ሐኪም፦ ሁለታችሁም አንድ ነገር እየዘለላችሁ ነው። መስከረም 2017 ሩዋንዳ ማርበርግ ገባባት። ከተያዙት 66 ሰዎች አብዛኞቹ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ፣ ማለትም ሲስተር የምትፈራው ነገር በትክክል ደርሷል። መንግሥት ምን አደረገ? ጠያቂ ለ14 ቀን ከለከለ፣ ለአንድ ታማሚ ግን አንድ አስታማሚ ፈቀደ። 15 ሰው ሞተ፣ ታኅሣሥ ላይ ወረርሽኙ ማብቃቱ ታወጀ። በእርግጥ ያዳነው ይሄ ብቻ አይደለም፣ ንክኪ ያላቸውን አሳድደው መርምረዋል፣ ሕክምናውም ጥሩ ነበር። ግን ማን ይግባ ማን ይቅር የሚለውን ለይተው ወሰኑ። እኛ ጋ ሁሉንም በአንድ ዱላ ነው የምናባርረው።

አዋላጅ፦ እናንተ በር ላይ ቆማችሁ ትከራከራላችሁ፣ በሩ ክፍት ሆኖም ሰው ሳይመጣ የቀረበትን ጊዜ ረሳችሁት? ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮሮና ተለይቶ ተሰጠ፣ ሚሊኒየም አዳራሽ ከ1,000 በላይ አልጋ ተዘረጋበት። ሌሎቹ ሆስፒታሎች እንዲተነፍሱ ታስቦ ነው፣ ጥሩ ነበር። ግን እናቶች ፈርተው የእርግዝና ክትትል አቋረጡ። ምጥ ፋታ አይሰጥም፣ «ኮሮና ይለፍና» አይባልም። ምዕራብ አፍሪካም በኢቦላ ጊዜ እንዲሁ ነው የሆነው፣ ሰው ጤና ጣቢያ ሸሽቶ በወባና በወሊድ አለቀ። እኔ ጋ የሚመጡት እናቶች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ማስክ አልነበረም። «እናቴ አብራኝ ትግባ?» ነበር። አይ ስትባል ተመልሳ ቤቷ የምትወልድ አለች።

የኮልፌው፦ ይኼው! ከልካዩ በሽታ ከለከልኩ ብሎ ሰውን ነው የከለከለው።

ጠቅላላ ሐኪም፦ በር ላይ የሚጨናነቀውን ሰው መቀነስም ይቻላል እኮ። የኤችአይቪ ክትትል ያላቸው ከኮሮና በፊትም የሦስት ወር፣ አንዳንዶቹ የስድስት ወር መድኃኒት ይወስዱ ስለነበር በየወሩ መመላለስ አላስፈለጋቸውም። ለስኳርና ለደም ግፊት ለምን አይሆንም? የኩፍኝ ዘመቻውንም አስታውሱ፣ በኮሮና ተገፍቶ ቆይቶ ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ተጀመረ፣ ወደ 15 ሚሊዮን ሕፃናትን ለመክተብ፣ ማስክና ርቀት ጨምረው። የቆመ ነገር ወረርሽኙ እስኪያልቅ ሳይጠበቅ ይመለሳል ማለት ነው።

የማታ ተረኛ፦ እሺ፣ አንድ አስታማሚ ይሁን። በሩ ላይ ማን ይቆጥራል? ጥበቃው? ዘመድ ያለው አምስት ሆኖ ይገባል፣ የገጠሩ ሰውዬ ብቻውን ውጪ ያድራል። ስሙ ይመዝገብ፣ ባጅ ይሰጠው፣ ጠዋትና ማታ ሙቀቱ ይለካ፣ ሌላ ሰው አይተካው። ማስኩንም ሆስፒታሉ ይስጠው፣ ከየትም ያመጣውን ለሳምንት አያድርገው።

የኮልፌው፦ በባጁ ተስማምቻለሁ። ግን መድኃኒቱ ውስጥ ከሌለ ያ ባለ ባጅ በቀን አምስት ጊዜ በታክሲ ተጋፍቶ ይመለሳል። ከዛ ምኑን ጠበቃችሁት?

የማታ ተረኛ፦ እሱን ለግዥ ክፍል ንገርልኝ። በሉ፣ እኔ ዛሬም ተረኛ ነኝ፣ ልግባ።

አወያይ፦ በርቺ ሲስተር። ከግዥ ክፍል የሆነ ሰው ግሩፑ ውስጥ ካለ ይናገር፣ አልዘጋሁትም።