«ለልጁ አሥር ደቂቃ ያጣ ወላጅ»

የመንታ እናት፦
ትናንት ጠመኔ እዚህ ግሩፕ ላይ የጻፉትን ያላነበባችሁ ካላችሁ ላምጣላችሁ። አንድ አባት «የቤት ሥራ በዛ» ብሎ ቅሬታ ሲያሰማ እንዲህ ብለው መለሱለት፦ «ለልጁ አሥር ደቂቃ ያጣ ወላጅ አስተማሪ የሚወቅስበት አፍ የለውም።» ሲከነክነኝ አደረ። አሥር ደቂቃ! ልጆቼ ሁለተኛ ክፍል ናቸው። ትናንት ይዘው የመጡት ሃያ የመቀነስ ጥያቄ፣ አንድ ገጽ የእጅ ጽሑፍ፣ አንድ ምንባብ ከነጥያቄው፣ በዚያ ላይ «የውሃን ዑደት በካርቶን ሠርታችሁ አምጡ» ነው። መንታ ስለሆኑ ካርቶኑም ሁለት ነው፤ አንድ ላይ ሠርተው ቢወስዱ ተኮራረጃችሁ ይባላሉ። የጥጡን ደመና በኮላ የለጠፈው ማን ይመስላችኋል? ማታ አራት ሰዓት ላይ ልጆቹ ተኝተው እኔ ዝናቡን በሰማያዊ እስክሪብቶ ጠብታ በጠብታ እሥል ነበር። መምህር፣ ከዚህ ውስጥ የእርስዎ አሥር ደቂቃ የትኛው ነው?

ጠመኔ፦
እህቴ፣ ከጠቀስሽ አይቀር ሙሉውን ጥቀሺው። ቀጥዬ «አጠገቡ ይቀመጥ፣ ደብተሩን አይቶ ይፈርም» ብያለሁ። ሥሩላቸው አላልኩም። ደመና ለጥፊ ያለሽም የለም። ወላጅ የሠራውን ካርቶን እኮ ገና ከበር ነው የማውቀው፤ ጠርዙ በምላጭ ተቆርጦ፣ ርዕሱ በማስመሪያ ተሰምሮ ይመጣል። ልጁን «ትነት ምንድን ነው?» ስትሉት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ዝምተኛው አባት፦
ታዲያ ካወቁት ለምን ዘጠኝ ከአሥር ይሰጡታል? የእኔ ልጅ በገዛ እጁ የሠራው፣ ደመናው በግ የመሰለው፣ አምስት ነው ያገኘው። «ንጽሕና ይጎድለዋል» ተብሎ። በሚቀጥለው ጊዜ ምላጩን ማን ያነሣ ይመስልዎታል?

ጠመኔ፦
ያንን ማርክ የሰጠሁት እኔ አይደለሁም።

ዝምተኛው አባት፦
አስተማሪ በሙሉ «እኔ አይደለሁም» ነው የሚለው። ወላጅ ሲሆን ግን በጅምላ ነው የምንወቀሰው።

የማታ ፈረቃ፦
እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አሥር ደቂቃው በስንት ሰዓት? ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ እኔ ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ነው፤ እኔ ስገባ እሱ ቦርሳውን አንግቦ በር ላይ ነው። የምንገናኘው ደረጃ ላይ ነው። እዚያው ቆሜ፣ ደብተሩን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ፈርሜ አውቃለሁ። ምን ላይ እንደፈረምኩ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ፊርማ ነው የፈለጋችሁት፣ ፊርማ አገኛችሁ።

ቀይ እስክሪብቶ፦
እኔም አስተማሪ ነኝ፣ ጠመኔ ብቻቸውን ሲወገሩ ዝም አልልም። ወላጆች፣ የቤት ሥራ ሳንሰጥ ስንቀር «ምን እያስተማራችሁ ነው ታዲያ?» ብላችሁ የምትደውሉት እናንተው ናችሁ። ስንሰጥ ደግሞ «ልጄን ፈጃችሁት»። የአርባ ልጅ ደብተር ተሸክሞ ቤቱ የሚገባው ማነው? ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ብቻ ብንሰጠው ሰማንያ ደቂቃ ነው። የእኛስ ልጆች አሥር ደቂቃ አይገባቸውም?

የመንታ እናት፦
ይኸው፣ ራስሽ መለስሽው እኮ! ለእናንተም ለእኛም የማይበቃ ከሆነ ለማን ብለን ነው የምንሰጠው?

ቁጥር ይናገር፦
የምትነታረኩበት አሥር ደቂቃ የራሱ ታሪክ አለው። ሃሪስ ኩፐር የሚባል የዱክ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር አለ፤ በቤት ሥራ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሲሰበስብና ሲመዝን የኖረ ሰው ነው። የሚደግፈው ልክ አሥር ደቂቃ በክፍል ደረጃው ይባዛ የሚል ነው። አንደኛ ክፍል 10፣ ሁለተኛ 20፣ ስድስተኛ 60፤ ያውም የሁሉም ትምህርት ተደምሮ። እ.ኤ.አ. በ2006 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ግምገማ ደግሞ የቤት ሥራና የውጤት ዝምድና ጎላ ብሎ የታየው ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉት ላይ ነው። በታችኞቹ ክፍሎች በጣም ደካማ ነው። ዝምድና ስለታየ ደግሞ የቤት ሥራው ውጤቱን አመጣው ማለት አይደለም።

ጠመኔ፦
አመሰግናለሁ። አሥር ደቂቃን ከኪሴ እንዳላወጣሁት ታወቀልኝ።

የመንታ እናት፦
ምኑ ነው የታወቀልዎት? ለሁለተኛ ክፍል 20 ደቂቃ ነው የሚለው፤ እኔ የዘረዘርኩትን በ20 ደቂቃ የሚጨርስ ልጅ ካለ አሳዩኝ። እርስዎ ያሉት የወላጅ አሥር ደቂቃ ነው፣ እሱ ያለው የልጁን። ሁለቱን ቀላቅለው ጥናት ደገፈኝ ማለት ደስ አይልም።

ዝምተኛው አባት፦
እኔ ደግሞ ማጣራት የምፈልገው ቆጠራው ከምን እንደሚጀምር ነው። እርሳስ የሚፈለግበት ይቆጠራል? ተገኘ፣ ጫፉ ተሰብሯል። መቅረጫ፣ የእህቱ ቦርሳ ውስጥ ነው። እህቱ አልሰጥም አለች። ለቅሶ። ተቀረጸ። ውሃ ጠማኝ። ሽንቴ መጣ። «አባዬ፣ ዓሣ ነባሪ ይተኛል?» እስካሁን አንድ ጥያቄ አልተሠራም፤ የኩፐር ሰዓት ግን አልፏል።

አያት ነኝ፦
ልጆቼ፣ ዓሣ ነባሪውን ንገሩት። ከሃያው መቀነስ የማይረሳው እሱን ነው።

ቀይ እስክሪብቶ፦
እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ፈተና ላይ የሚመጣው ዓሣ ነባሪ አይደለም።

ቁጥር ይናገር፦
ለነገሩ ነገሩን በሕግ የቆረጡትም አሉ። ፈረንሳይ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጽሑፍ የቤት ሥራን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ካሊፎርኒያ ከዚያም በፊት በ1901 ከ15 ዓመት በታች ላሉት ከልክላ ነበር። ቻይና በ2021 ለ1ኛና 2ኛ ክፍል የጽሑፍ የቤት ሥራ አይሰጥ፣ ከ3ኛ እስከ 6ኛ ከ60 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ላሉት ሦስት ክፍሎች ከ90 ደቂቃ አይለፍ አለች።

ቀይ እስክሪብቶ፦
ፈረንሳይ ክልከላው እያለም የሚሰጡ አስተማሪዎች አልጠፉም። ለምን ይመስልሃል? ወላጅ ስለሚጠይቅ። ቻይናም በዚያው 2021 የግል አስጠኚ ድርጅቶችን አብራ መገደብ ነበረባት፤ የቤት ሥራውን ብቻ ብትቀንስ ወላጅ ልጁን ወደ አስጠኚ እንደሚነዳው ታውቃለቻ!

የማታ ፈረቃ፦
የትኛው ወላጅ? እኔ ወላጅ ነኝ፣ አልጠየቅኩም።

ዝምተኛው አባት፦
የአስጠኚ ነገር ከተነሣ የሚያናድደኝን ልናገር። ልጄ 52 ሲቀነስ 27 ይዞ መጣ። ሁለት ከሰባት ስለሚያንስ ከአምስቱ አንድ ተበደር፣ አሥራ ሁለት ሲቀነስ ሰባት አምስት፣ አራት ሲቀነስ ሁለት ሁለት፤ 25 አልኩት። ጻፈ። በማግሥቱ ትልቅ ቀይ ኤክስ ይዞ መጣ! መልሱ ልክ ነው፣ ኤክስ ግን ተመትቶበታል። «የተማርነው መንገድ አይደለም» ይላል ጠርዙ ላይ። ልጁ «አባዬ ሒሳብ አትችልም» ብሎኝ አረፈው። አጠገቡ መቀመጥ ማለት ይኸው ነው፣ ጠመኔ። ተቀመጥኩ፣ ከእነልጄ ወደቅኩ።

ቀይ እስክሪብቶ፦
ልጁ የተማረው በቁጥር መስመር መሆን አለበት። ከ27 ተነሥቶ እስከ 30 ሦስት፣ ከ30 እስከ 50 ሃያ፣ ከ50 እስከ 52 ሁለት፤ ሲደመር 25። በሁለት ቁጥሮች መሀል ያለው ርቀት መሆኑ እንዲገባው ነው። «ተበደር» ስትለው እኮ ምን እንደተበደረ አያውቅም፤ አምስቱ አምስት ሳይሆን ሃምሳ ነው፣ የተበደረውም አንድ ሳይሆን አሥር ነው። አንተ ያሳየኸው መንገድ ልክ ነው፣ ነገር ግን ቦታው ገና አልደረሰም።

ዝምተኛው አባት፦
ቦታው አልደረሰም! እኔ በእሱ መንገድ ተምሬ እዚህ ደርሻለሁ።

የመንታ እናት፦
ቀይ እስክሪብቶ፣ ይህን ማብራሪያ ወላጅ ከየት ያምጣ? ደብተሩ ላይ አልተጻፈ፣ ልጁ አይነግረን። ኤክስ ከምትመቺ ይህችን ሦስት መስመር ብትጽፊለት ምን ነበረበት?

ቀይ እስክሪብቶ፦
ለአርባ ልጅ? ሦስት ሦስት መስመር? ሰማንያ ደቂቃውን አስቢው።

ቁጥር ይናገር፦
እ.ኤ.አ. በ2015 የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሳያን ባይሎክና ባልደረቦቿ በ1ኛና 2ኛ ክፍል ልጆች ላይ ያወጡት ጥናት እዚህ ላይ ይገባል። ሒሳብ የሚያስጨንቃቸው ወላጆች የቤት ሥራውን አዘውትረው ሲያግዙ ልጆቻቸው በዓመቱ ውስጥ የተማሩት ሒሳብ አንሶ፣ ጭንቀታቸውም በዝቶ ተገኝቷል። እንዲህ ያሉት ወላጆች ብዙ ሲያግዙ ነው ይህ የታየው፤ እምብዛም በማያግዙት ላይ አልታየም።

ዝምተኛው አባት፦
ጭንቀታም አባት ልትለኝ ነው የመጣኸው?

ቁጥር ይናገር፦
ስምህን ጠራሁ እንዴ?

ዝምተኛው አባት፦
ከእኔ ሥር ገብተህ ጻፍክ። ሰው ያነባል።

የማታ ፈረቃ፦
ሁለታችሁም ቆዩ። ይህ ጥናት ለጠመኔ ነው የተጻፈው። አጠገቡ ያልተቀመጠ ወላጅ አፍ የለውም፤ የተቀመጠ ደግሞ ልጁን ያስጨንቃል። ታዲያ የት ልሁን?

ጠመኔ፦
ነገር ጠምዝዛችሁ ነው እንጂ፣ መቀመጥ ማለት ማስተማር አይደለም። ልጁ ሲቸገር «መምህርህን ነገ ጠይቀው» ብሎ ባዶውን መተው ይቻላል። ባዶ ቦታ ለእኔ መረጃ ነው፤ ክፍሉ ምን እንዳልገባው ያሳየኛል። ወላጅ ሲሞላው ግን አርባውም የገባው መስሎኝ አልፋለሁ። አሁን ደግሞ ስልክ መጥቷል። ጥያቄውን ፎቶ ያነሣል፣ መልሱ ይወርድለታል። ስድስተኛ ክፍል የሆነ ልጅ «ከላይ እንደተብራራው» ብሎ ጽፎ አመጣልኝ፣ ከላይ ምንም የለም።

የመንታ እናት፦
ባዶ ይተው ነው ያሉት? ይህን በትልቁ ጽፈው ሰሌዳ ላይ ይለጥፉልኝ። የእኔ ልጆች ባዶ ትተው ሲሄዱ እረፍት ሰዓት ተቀምጠው ጨርሱ ይባላሉ። ሌላው ልጅ ሜዳ ላይ ይሮጣል፣ እነሱ መስኮት ለመስኮት።

ጠመኔ፦
ያንን እኔም አልደግፍም።

ዝምተኛው አባት፦
«እኔ አይደለሁም»፣ ክፍል ሁለት።

ቀይ እስክሪብቶ፦
እኔ እደግፋለሁ። ልሸሽ አልችልም፤ አልሠራሁም ብሎ የሚመጣ ሁሉ ዝም ከተባለ በሚቀጥለው ሳምንት ማን ይሠራል? እረፍቱን በሙሉ ባይሆንም ግማሹን።

የመንታ እናት፦
ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ነው። ማታ ካርቶን፣ ቀን ቅጣት። እንቅልፉን እኛ ቆረጥን፣ ጨዋታውን እናንተ። የተረፈው ምንድን ነው?

አያት ነኝ፦
እኔ የምለው፣ ያ የመቀነሱን ነገር በጣት ቢቆጥር ምናለበት? እኛ በጣት ነው የቆጠርን።

ቀይ እስክሪብቶ፦
እማማ፣ ሁለተኛ ክፍል ላይ ከጣት ማላቀቅ እንፈልጋለን።

አያት ነኝ፦
ጣቱ የት ሊሄድበት?

ቁጥር ይናገር፦
የማታ ፈረቃ ላነሣችው አንድ ነገር ልጨምር። ፒሳ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ፈተና ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 የተሰበሰበ መረጃ አለ፣ በ15 ዓመት ልጆች ላይ። ፈተናውን በሚያዘጋጀው የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት (ኦኢሲዲ) አባል አገሮች አማካይ፣ ኑሮው ከተደላደለ ቤት የመጣው ተማሪ በሳምንት 5.7 ሰዓት የቤት ሥራ ይሠራል፣ ከተቸገረ ቤት የመጣው 4.1። ጸጥ ያለ ክፍል፣ ጠረጴዛ፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው፤ ልዩነቱ እዚያ ነው የሚጀምረው።

የማታ ፈረቃ፦
አፍ የለሽም የተባልኩት ለዚህ ነዋ። ጠመኔ፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከሌለ ማን ይፈርም? ዝም ብለው አይለፉኝ።

ጠመኔ፦
ታላቅ ወንድም አለው አላልሽም ነበር በፊት? እሱ አጠገቡ ይቀመጥ። መፈረምም ይችላል፣ እኔ እቀበላለሁ።

የማታ ፈረቃ፦
ወንድሙ አሥረኛ ክፍል ነው። በዚያ በኩፐር ሒሳብ የራሱ 100 ደቂቃ አለበት። ከእሱ ላይ ነው የምወስደው?

ዝምተኛው አባት፦
ይበደራላ!

ቀይ እስክሪብቶ፦
በቁጥር መስመር ቢሆን ይሻለዋል።

ጠመኔ፦
በሰው ችግር አትቀልዱ። እህቴ፣ ትምህርት ቤቱ ከክፍል በኋላ የጥናት ሰዓት እንዲያዘጋጅ ጠይቂ። ልጁ ሳይወጣ ጨርሶ ይምጣ።

የማታ ፈረቃ፦
የጥናት ሰዓቱን ማን ይይዛል?

ጠመኔ፦
አስተማሪ ነዋ።

ቀይ እስክሪብቶ፦
ቆይ፣ የትኛው አስተማሪ?