ልጃችን ቲያትር ልታጠና ነው፤ ኮሌጁን በምን እንምረጠው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁም። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃችን ኮሌጅ ስገባ ከቲያትር ሌላ አላጠናም ብላለች። አባቷ ነርሲንግ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ትማር ይላል፤ እኔ ፍላጎቷን መጫን አልፈልግም፤ ሆኖም የትኛው ኮሌጅ ለዚህ ትምህርት እንደሚሻል ሁለታችንም አናውቅም። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ብትመክሩን እግዚአብሔር ያክብራችሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሰላም ለቤትዎ ይሁን። የእኔም ልጅ ቲያትር አጥንታ ስለተመረቀች ያየሁትን ሳልቆጥብ እነግርዎታለሁ። የቲያትር ኮሌጅ በስሙ መመረጥ የለበትም፤ መታየት ያለበት ልጅቷ በአራት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ መድረክ ላይ እንደምትወጣና ስትመረቅ ምን ያህል ዕዳ እንደሚኖርባት ነው። የጀማሪ ተዋናይ ገቢ አንድ ወር ተገኝቶ ሌላ ወር የሚቋረጥ በመሆኑ፣ በየወሩ ከባድ ብድር የሚከፍል ልጅ ለኦዲሽን (ተዋናይ ለሚመረጥበት የትወና ፈተና) የሚያስፈልገውን ጊዜ ሁሉ ለዕዳው ሲሠራ ያሳልፈዋል። ሙያውን ሲተዉ ያየኋቸው ልጆች ችሎታ ያነሳቸው አልነበሩም።

ባለቤትዎ መስጋታቸው ተገቢ ነው፤ የስጋታቸው መልስ በከፊል በዲግሪው ዓይነት ላይ ይገኛል። ቢ.ኤፍ.ኤ የሚባለው፣ በሙያው ሥልጠና ላይ ያተኮረ የመጀመሪያ ዲግሪ ከጠቅላላው ትምህርት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ለትወና፣ ለድምፅ፣ ለአካል እንቅስቃሴና ለልምምድ ስለሚወስድ ለሌላ ትምህርት የሚተርፈው ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ቢ.ኤ የሚባለው ሰፋ ያለ የመጀመሪያ ዲግሪ ግን በአብዛኛው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ስለሚጠይቅ፣ ከቲያትሩ ጎን ለጎን ሁለተኛ የትምህርት መስክ ይዞ መመረቅ ይቻላል። በእናንተ ቤት ካለው ሁኔታ አንጻር እኔ ቢ.ኤ ይሻላል ባይ ነኝ፤ በተለይ ኮሌጁ ተዋናዮቹ የመብራት፣ የድምፅና የመድረክ አስተዳደር ሥራ እንዲማሩ የሚያስገድድ ከሆነ፣ እነዚህ ሙያዎች ከትወናው ቀድመው እንጀራ ያበላሉ።

ኮሌጅ ልትጎበኙ ስትሄዱ ሕንፃውን ከማድነቅ ይልቅ ተማሪዎቹ የሚያሳዩትን ቲያትር ገብታችሁ እዩ፤ በር ላይ የሚታደለውን የፕሮግራም ወረቀትም ይዛችሁ ውጡ። ወረቀቱ ላይ የተዋናዮቹ ስም ብዙውን ጊዜ ስንተኛ ዓመት እንደሆኑ ከሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ጋር ይታተማል። ዋናዎቹን ገጸ ባሕርያት የያዙት ሁሉ የማስተርስ ተማሪዎች ከሆኑ፣ የእርስዎ ልጅ አራቱን ዓመት አጃቢ ሆና ልትጨርሰው ትችላለች። ኮሌጁ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ለመድረክ ይመርጥ እንደሆነ፣ ከአንድ ዓመት በኋላም ተማሪ ገምግሞ የሚቀንስ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ አድበስብሶ የሚያልፍ ትምህርት ክፍል እኔን አያስተማምነኝም።

ስለ ክፍያው፣ የሜሪላንድ ነዋሪ መሆናችሁ ትልቅ ጥቅም ነው። ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ታውሰን ዩኒቨርሲቲ ቲያትር ያስተምራሉ፤ ሁለቱም ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪ የሚያስከፍሉት ከሌላ ክፍለ ግዛት ከሚመጣው ተማሪ በብዙ ያነሰ ነው። ዲሲ ያለው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ የግል ስለሆነ ነዋሪነታችሁ ክፍያውን አይቀንሰውም፤ ነገር ግን በ2000 ከዚያው በተመረቀው በተዋናዩ በቻድዊክ ቦዝማን ስም ከ2021 ጀምሮ የሚጠራው የጥበባት ኮሌጁ የጥቁር አሜሪካውያንን የቲያትር ታሪክ የራሱ አድርጎ የሚያስተምር በመሆኑ፣ ስኮላርሺፕ ከሰጣት ቸል የሚባል አይደለም። የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ በሆነው በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ጀምሮ ወደ አራት ዓመት ኮሌጅ መዛወርም ገንዘብ ያድናል፤ ይሁን እንጂ ብዙ የቢ.ኤፍ.ኤ ፕሮግራሞች የተዛወረውን ተማሪ የትወናውን ሥልጠና ከመጀመሪያው ዓመት ስለሚያስጀምሩት፣ ይህ መንገድ በይበልጥ የሚያዋጣው ለቢ.ኤ ነው።

በወላጅ ስም የሚወሰደውን የፌዴራል ብድር በተመለከተ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ ወላጅ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000 ዶላር፣ በጠቅላላው ደግሞ ከ65,000 ዶላር በላይ መበደር አይችልም። ቀሪውን ከግል ባንክ እንሞላዋለን እንዳትሉ አደራ። ልጅቷ ታላላቆቹን ትምህርት ቤቶች ከተመኘች በማስተርስ ደረጃ ልትሞክር ትችላለች፤ የየል የድራማ ትምህርት ቤት ከ2021 ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ ኒው ዮርክ ያለው የጥበባት ትምህርት ቤት ጁሊያርድም የትወና ማስተርሱን ከ2024 ጀምሮ ነፃ አድርጎታል።

ጊዜው እንዳያመልጣችሁ የምፈራው ኦዲሽኑን ነው። አብዛኞቹ የቢ.ኤፍ.ኤ ፕሮግራሞችና አንዳንድ የቢ.ኤ ትምህርት ክፍሎች ይጠይቁታል። ልጅቷ እያንዳንዱ ከአንድ ደቂቃ ተኩል የማይበልጥ ሁለት መነባንብ በቃሏ ይዛ፣ 12ኛ ክፍል በገባችበት መኸር ቀርፃ ትልካለች፤ ካለፈች በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ በአካል ትቀርባለች። የልጄን ኦዲሽን ያዩት መምህራን ግማሽ ላይ አስቁመዋት «ይህንኑ አሁን ለተኛ ሕፃን እንደምትነግሪ አድርገሽ ድገሚው» ብለዋት ነበር። የሚፈልጉት የተሰጣትን አሳብ ተቀብላ የምትለወጥ ልጅ መሆኗን ማየት ነው፤ ስለዚህ መነባንቡን በአንድ ዓይነት ድምፅ ብቻ አጥንታ እንዳትሄድ ያድርጉ። ብዙ ኮሌጆች በአንድ ሰሞን ኒው ዮርክ ላይ ተሰባስበው ስለሚፈትኑ፣ ከእኛ አካባቢ በአውቶቡስ ሄዳችሁ በአንድ ጉዞ ሦስትም አራትም ኮሌጅ ፊት ልትቀርብ ትችላለች። የቀን ቀጠሮው ቶሎ ስለሚሞላ ግን እንደተከፈተ ተመዝገቡ።