ኢኤስኤክስአይን ከርቀት ወደ 8.0 ካሻሻልሁ በኋላ የቀሩትን አሮጌ ፓኬጆች ላጥፋቸው?

ጠያቂ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። በአካል ልደርስበት በማልችል ቦታ የሚገኝ አንድ የቨርቹዋላይዜሽን ሰርቨር አለኝ፤ በኤስኤስኤች (በርቀት የትእዛዝ መስመር) ገብቼ ከኢኤስኤክስአይ (ቨርቹዋል ማሽኖችን ከሚያሠራው የቪኤምዌር ሥርዓት) 7.0 ወደ 8.0 አሻሽየዋለሁ። የተጠቀምሁት «ፕሮፋይል አፕዴት» የሚለውን ትእዛዝ ሲሆን፣ የጫንሁትም የሰርቨሩ አምራች ያዘጋጀውን ሳይሆን አጠቃላዩን ኢሜጅ (የመጫኛ ጥቅል) ነው። ሰርቨሩ በሰላም ተነሥቷል፤ ቨርቹዋል ማሽኖቹም እየሠሩ ነው። ሆኖም የተጫኑትን ቪቦች (የኢኤስኤክስአይ የሶፍትዌር ፓኬጆች) ዝርዝር ስመለከት አብዛኞቹ የማሻሻያውን ዕለት ሲያሳዩ፣ አምስቱ ግን ከሦስት ዓመት በፊት እንደተጫኑ ይናገራሉ። ሦስቱ የአምራቹ የሃርድዌር መከታተያዎች፣ ሁለቱ ደግሞ ድራይቨሮች ናቸው። ከመከታተያዎቹ አንዱ ለመነሣት እየሞከረ ስለሚወድቅ ሲስሎጉን (የሥርዓቱን የመልእክት መዝገብ) በአንድ ዓይነት የስሕተት መልእክት ሞልቶታል። ማሻሻያው በከፊል ከሽፎ ይሆን? አምስቱንም በአንድ ጊዜ ባጠፋቸውስ?

መልስ 1፦
ማሻሻያው አልከሸፈም። «ፕሮፋይል አፕዴት» በአዲሱ ኢሜጅ ውስጥ አቻ ያላቸውን ፓኬጆች ይተካል፤ አቻ የሌላቸውን ግን እንደነበሩ ይተዋቸዋል። «ፕሮፋይል ኢንስቶል» በአንጻሩ ሰርቨሩን ከኢሜጁ ጋር አንድ ያደርገዋል፤ በኢሜጁ ውስጥ የሌለውን ሁሉ ይነቅላል። ይህ ንጹሕ መንገድ ቢመስልም፣ የኔትዎርክ ካርዱ የሚሠራው በአምራቹ ድራይቨር ከሆነ ድራይቨሩም አብሮ ስለሚነቀል፣ ሰርቨሩ ዳግም ከተነሣ በኋላ ሊያገኙት አይችሉም። ከርቀት ለሚሠራ ሰው «አፕዴት»ን መምረጥዎ ትክክል ነበር።

አምስቱንም በአንድ ጊዜ አያጥፏቸው፤ አስቀድመው ሁለቱን ድራይቨሮች ይመርምሩ። «ኔትዎርክ ኒክ ሊስት» እያንዳንዱ የኔትዎርክ ካርድ በየትኛው ድራይቨር እንደሚሠራ ያሳያል፤ ለዲስክ መቆጣጠሪያዎቹ ደግሞ «ስቶሬጅ ኮር አዳፕተር ሊስት» አለ። የሞጁሉ (ሥርዓቱ የሚጭነው የድራይቨሩ ፋይል) ስምና የቪቡ ስም አንዳንድ ጊዜ ስለሚለያይ፣ «ሲስተም ሞጁል ጌት» ብለው የሞጁሉን ስም ቢሰጡት ከየትኛው ቪብ እንደመጣ ይነግርዎታል። በዚህ መንገድ የተገኘ ቪብ ቀኑ ቢያረጅም ሥራ ላይ ያለ እንጂ ትርፍራፊ አይደለም፤ ቀኑ የሚያረጋግጠው አዲሱ ኢሜጅ እንዳልተካው ብቻ ነው።

የቀሩትን አንድ በአንድ፣ በመጀመሪያ በ«ድራይ ረን» አማራጭ ይሞክሯቸው። ምንም ሳይነካ የትኛው ቪብ እንደሚወጣና ዳግም ማስነሣት ያስፈልግ እንደሆነ ይነግርዎታል።

መልስ 2፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ዛሬ ምንም እንዳያጠፉ እመክራለሁ። ኢኤስኤክስአይ ሁለት የቡት ባንኮች (ሥርዓቱ የሚነሣባቸው የዲስክ ክፍሎች) አሉት፤ አሁን በአንዱ 8.0 ሲኖር በሌላው የቀድሞው 7.0 ተቀምጧል። ችግር ቢፈጠር በሚነሣበት ጊዜ ሺፍትና አርን ተጭነው ወደ 7.0 መመለስ ይችላሉ፤ ለዚህም የሰርቨሩ የርቀት ማስተዳደሪያ ካርድ ኮንሶል ይበቃዎታል። ዳግም ማስነሣት የሚጠይቅ ቪብ ሲያጠፉ ግን አዲሱ ቅንብር የሚጻፈው በዚያው በሁለተኛው ባንክ ላይ ስለሆነ 7.0 ይደመሰሳል፤ ሁለቱም ባንኮች 8.0 ይሆናሉ ማለት ነው። ጥቂት ሜጋባይት ለማጽዳት ሲባል መመለሻን ማጣት ለእኔ አይዋጥልኝም። በዚሁ ምክንያት የቨርቹዋል ማሽኖቹንም የሃርድዌር ቨርዥን ወደ 20 አያሳድጉ፤ 7.0 ሊያስነሣቸው አይችልም።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አንዱ ድራይቨር ሁለቱንም የኔትዎርክ ወደቦች የሚያሠራው ሆኖ ተገኘ፤ አምስቱንም አጥፍቼ ቢሆን ኖሮ ራሴን በውጭ ቆልፌ ነበር። ሌላው ከዓመታት በፊት ከሰርቨሩ የተነቀለ ካርድ ድራይቨር ነው። «ድራይ ረን» ለሦስቱ መከታተያዎችም ዳግም ማስነሣት እንደሚያስፈልግ አሳይቶኛል። እንግዲያው አንድ ወር ልታገሥ፤ ነገር ግን ሲስሎጉ እስከዚያ እንዲህ እየተሞላ መቆየት አለበት?

መልስ 2፦
አይኖርበትም። መከታተያው የሲም ፕሮቫይደር (በደብሊውቤም አገልግሎት ሥር ሆኖ የሃርድዌር መረጃ የሚያቀርብ ክፍል) ከሆነ፣ «ሲስተም ደብሊውቤም ፕሮቫይደር ሊስት» ብለው ስሙን ካገኙ በኋላ በ«ፕሮቫይደር ሴት» እሱን ብቻ ሊያሰናክሉት ይችላሉ፤ ቪቡ በቦታው ይቆያል፣ የቡት ባንኮቹም አይነኩም። የደብሊውቤምን አገልግሎት በሙሉ ከዘጉት ግን ሌሎቹም ፕሮቫይደሮች አብረው ይቆማሉ። ራሱን የቻለ አገልግሎት ከሆነ ደግሞ በኢቲሲ ሥር ባለው የ«ኢኒት ዲ» ማኅደር ውስጥ ባለው ስክሪፕቱ ያቁሙትና በ«ቼክኮንፊግ» እንዳይነሣ ያድርጉት።

መልስ 1፦
ወሩ ሲሞላ፣ ከማጥፋትዎ በፊት የሰርቨሩን ቅንብር በ«ባክአፕ ኮንፊግ» አውጥተው ከሰርቨሩ ውጭ ያስቀምጡ፤ ቅጂው የሚመለሰው በዚያው የቢልድ ቁጥር ላይ ብቻ ስለሆነ ቁጥሩንም አብረው ይጻፉ። ቨርቹዋል ማሽኖቹንም አስቀድመው ወደ ሌላ ሰርቨር ያዛውሩ ወይም ሥራቸውን ያቁሙ፣ ሰርቨሩንም ሜይንቴናንስ ሞድ (የጥገና ሁኔታ) ውስጥ ያስገቡት። አራቱን ቪቦች (ሦስቱን መከታተያዎችና የተነቀለውን ካርድ ድራይቨር) ካጠፉ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ዳግም ማስነሣት ይበቃል።