የሽቦ ጥቅልላችን ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) ማብራት አቃተው፣ እርዱን

ሰላም ወገኖች፣ ከፒያሳ ነው። ለታናሽ ወንድሜ የሳይንስ ፕሮጀክት ትንሽ ጄኔሬተር እየሠራን ነው። ከአሮጌ ቬንትሌተር ሞተር የወጣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ በፕላስቲክ ቱቦ ላይ 300 ዙር ጠቅልለናል። ጫፎቹን መዳቡ እስኪታይ ፍቀን ቫርኒሹን አንስተናል። ማግኔቱን በቱቦው ውስጥ በፍጥነት ስናመላልሰው መልቲሜትሩ (የኤሌክትሪክ መለኪያው) በኤሲ (በተለዋጭ ኮረንት) ከ0.4 ቮልት አያልፍም። ቀይ ኤልኢዲ ደግሞ ወደ 2 ቮልት ይፈልጋል። ማግኔቱ ሲቆም ንባቡ ዜሮ ነው። ሳይንቲስቱ ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ልጁ በዓይኑ ሲያየው ደስታው ልዩ ነበር!

ዙሩን ወደ 1,500 ላሳድገው ወይስ ጠንካራ ማግኔት ልፈልግ? ሽቦው ሲረዝም ሬዚስታንሱም (ኮረንትን የሚገታው ነገር) ስለሚጨምር ፈራሁ። መርካቶ ሞተር ከሚጠቀልሉት ሽቦ ልገዛ ነው፤ ውፍረቱን ስንት ሚሊሜትር ልበላቸው? የሠራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።