ለጌጥ ሥራ የሚሆን ቀለሃ እንዴት ይመረጣል?

የናዝሬቷ አንጥረኛ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ትንሽ የእጅ ሥራ ቤት አለችኝ። ከናስ ጉትቻ፣ የአንገት መስቀልና አምባር እሠራለሁ። አምባሬ ትናንሽ ጠፍጣፋ ቁርጥራጮች በቀለበት ተያይዘው የሚሠራ ነው። ላሜራውን ከመርካቶ ነበር የማስመጣው፤ ዋጋው ግን ከአቅሜ በላይ ሆነ። ሰሞኑን አንድ ቆራሌ የሚሰበስብ ሰው «የተተኮሰ የጥይት ቀለሃ በጆንያ አለኝ፣ በኪሎ ልሽጥልሽ» አለኝ። ገና አልገዛሁም። ለናሙና አንድ እፍኝ ትቶልኝ ሄዷል።

እፍኙ ውስጥ ብዙ ዓይነት አለ። አጭርና ወደ አፉ ሾጠጥ ያለ አለ። ረጅም፣ አንገቱ ጠበብ ያለ አለ። አንዳንዱ ብር ይመስላል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ወርቃማው ቀለም ተልጦ ከሥሩ ዝገት ይታያል። ከረጃጅሞቹ ሁለቱን መርጬ አንገታቸውንና ሥራቸውን በመጋዝ አነሳሁ። ከዚያ ቱቦውን በቁመቱ ቀድጄ ዘረጋሁት። አንደኛው እንደ ቆዳ ተዘረጋልኝ። ሁለተኛውን በእንጨት መዶሻ ነካ ነካ ሳደርገው ቀጭን ድምፅ አሰምቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጠቀ። ቀለማቸውም ርዝመታቸውም አንድ ነው!

የእኔ ሥራ በየቀኑ እጅ ላይ የሚውል ነው። በር ላይ ይጋጫል፣ ይጎብጣል፣ ይቃናል። ቀዳዳው ዳር ከተሰነጠቀ ደንበኛዬን አጣኋት ማለት ነው። ሳይሰነጠቅ የሚቆየውን ቀለሃ በምን ልለየው? ወይስ ሁሉንም አቅልጬ እንደ አዲስ ላፍስሰው? ማቅለጡን ብዙም አልወደድኩትም፤ ሥሩ ላይ ያለችውን ጽሑፍ ለቀለበት ፈርጥ ማስቀረት እፈልጋለሁ።

ባለ ጋራዡ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ማግኔት ያዢ። ከተበላሸ ስፒከር ውስጥ የወጣ ይበቃሻል። ማግኔት የያዘው ናስ አይደለም፣ ላዩን የተቀባ ብረት ነው። ያ ዝገት ያየሽበት እሱ ነው። አጫጭሮቹ የክላሽ ይመስሉኛል፤ የክላሽ ቀለሃ አብዛኛው ብረት ነው። ላዩ ላይ መዳብ ወይም ቫርኒሽ ስለሚቀባ ነው ዓይን የሚያታልለው። ኪሎውን በናስ ዋጋ እንዳይሸጥልሽ!

ጋሽ ቶርኖ፦
ልጄ፣ ያነሳሽው ነገር ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን ቶርኖ ላይ ነው ያሳለፍኩት፤ ጡረታ ወጥቼም ናስ ሳይ እጄ አያርፍም። የምነግርሽን ለሥራሽ ብዬ ነውና ሳትሰለቺ አንብቢው።

ከሁሉ በፊት ደህንነትሽ። እያንዳንዱን ቀለሃ ገልብጠሽ ሥሩን እዪ። መሃሉ ላይ ያለችው ክብ ነገር ፕራይመር ትባላለች፤ እሳቱን የምትጭረው እሷ ናት። የተተኮሰ ከሆነ መሃሏ ላይ የመርፌ ጉድጓድ አለባት። ጉድጓድ ከሌለባት ቀለሃው ባዶ ቢመስልም ሕይወት አላት ብለሽ ያዢ። መዶሻም እሳትም እንዳያገኛት። ጉድጓድ ኖሮባት እርሳሱ ከአፉ ላይ ካለ ደግሞ የከሸፈ ጥይት ነው፤ እሱ ከሁሉም የከፋ ነው። እንዲህ ያለ ካገኘሽ አትነካኪው፣ ለፖሊስ ደውዪ።

አሁን ወደ ናሱ። የቀለሃ ናስ ከመቶ 70 እጅ መዳብ፣ 30 እጅ ዚንክ ነው። ለቧንቧ መገጣጠሚያና ለቶርኖ ሥራ የሚሸጠው ዘንግ ናስ ግን ወደ 3 በመቶ እርሳስ አለው፤ ሲቆረጥ ፍርፍር ይላል፣ ሲቀጠቀጥ ይሰነጠቃል። የቀለሃው ተቃራኒ ነው። ቶርኖ ላይ ይንዘላዘላል፣ ለመዶሻ ግን የሚያህለው የለም። ፋብሪካው ራሱ ከአንዲት ክብ ጠፍጣፋ ናስ ተነስቶ ደጋግሞ እየጎተተ ነው ቱቦ የሚያደርጋት። ያን ሁሉ መጎተት የቻለ ናስ የአንቺን መዶሻ አይፈራም።

ታዲያ ለምን ተሰነጠቀ? ናስ በተቀጠቀጠ፣ በተጎተተ፣ በታጠፈ ቁጥር ይጠጥራል። ሲጠጥር ልስላሴው ያልቃል። ፋብሪካው የቀለሃውን ሥር ሆን ብሎ ጠጣር አድርጎ ይተወዋል፤ የባሩዱን ግፊት የሚሸከመው እሱ ነው። አንገቱን ግን በእሳት ያለሰልሰዋል። አንቺ የተጠቀምሽበት መሃለኛው ክፍል ሁለቱ መካከል ነው። ስለዚህ ሳታሞቂ አትምቺ። ቁርጥራጩን ጨለም ያለ ጥግ ውስጥ አስገቢና በቡታ ጋዝ ቶርች እኩል አሙቂው። ልክ ደብዘዝ ያለ ቅላት ሲታይሽ እሳቱን አንሺ። የአዳማ የቀትር ፀሐይ ላይ ከሠራሽ ያ ቅላት አይታይሽም፤ ሳታውቂ ታሳልፊዋለሽ። ካለፈ ገጹ ይሻክራል፣ ጥንካሬውም ይጠፋል። ከሞቀ በኋላ ውኃ ውስጥ ብትከቺው ግድ የለም፤ ናስ እንደ ብረት በውኃ አይጠጥርም። ስትቀጠቅጪው እንደገና ግትር ካለብሽ እንደገና አሙቂው።

ማቅለጡን እኔም አልወደድኩትም። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል። ይህ ናስ ደግሞ የሚቀልጠው ከ900 በላይ ነው። ስለዚህ ገና ሲቀልጥ ዚንኩ ነጭ ጢስ ሆኖ መውጣት ይጀምራል። ያን ጢስ የሳበ ሰው ማታ ላይ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል። ብየዳ ቤት «ወተት ጠጣበት» ይሉሻል፤ ወተት ይህን አይከላከልም። የሚከላከለው ነፋሻ ቦታና ትክክለኛ ማስክ ነው። በዚያ ላይ ፕራይመሩ እርሳስ ያለበት ዱቄት ስለሚተው ቀለሃውን መጀመሪያ በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቢው። ደረቁን አታራግፊ። የታጠበበትን ሳህን ለምግብ አትመልሺው። ልጆች ካሉሽ ሥራውን ከቤት አርቂው።

የሐዋሳው፦
ጋሼ ጨርሰውታል፣ እኔ ትንሽ ልጨምር። ሐዋሳ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ቴክሳስ ይኖራል፤ እዚያ የተፈቀደ ስለሆነ የተተኮሰ ቀለሃ እንደገና ሞልቶ ዒላማ ይተኩስበታል። የቀለሃ ዕድሜ ነገር ለእሱ የየቀን ወሬ ነው። ስልክ ላይ ሌላ ጨዋታ የለንም።

እሱ የሚመርጠው የወታደር ቀለሃ ነው። ሥሩ ላይ ክብ ውስጥ መስቀል ካለ የኔቶ ምልክት ነው። ብዙ ጊዜ ከጎኑ የተሠራበት ዓመት በሁለት አኃዝ ይኖራል። ኤልና ሲ የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉበት ሚዙሪ ካለው የሌክ ሲቲ ፋብሪካ የወጣ ነው። ለቀለበት ፈርጥሽ ከዚህ የተሻለ አታገኚም! 7.62 ኔቶ የሚባለው የጠመንጃ ቀለሃ ሥሩ 12 ሚሊሜትር ያህል ስፋት አለው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በዪ። የወታደር ቀለሃ አንገት ላይ ሰማያዊና ቡናማ የተቀላቀለበት ጥላ ይታያል። ቆሻሻ እንዳይመስልሽ። ፋብሪካው አንገቱን በእሳት ሲያለሰልስ የቀረ ምልክት ነው፤ የሲቪሉን ያጥቡታል፣ የወታደሩን ይተዉታል። ወንድሜ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ቀጥሎ ከሥሩ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚዞር የሚያብረቀርቅ ቀጭን መስመር ካለ ይጥለዋል። እዚያ ጋ ግድግዳው ከውስጥ ተስቦ ሳስቷል ማለት ነው። ጫፏን ያጎበጣት ሽቦ ወደ ውስጥ ከትቶ ይጎትታል፤ ሽቦዋ ጎድጓዳ ነገር ከያዘች አበቃ። አንቺም ብትሞክሪው ይጠቅምሻል፤ የሳሳው ቦታ ላይ ቀዳዳ አትበሺም።

ፕራይመሯን ማውጣት ግን ይለያያል። የአሜሪካኖቹ ቀለሃ ውስጡ መሃል ላይ አንድ ቀዳዳ ስላለው በቀጭን ዘንግ ተገፍታ ትወጣለች። የምሥራቅ አውሮፓው ብዙውን ጊዜ ጎን ለጎን ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ ስላለው ዘንግ አይገባም። ለፈርጥ ከሆነ ግን የተተኮሰችውን ባለችበት ብትተያት ያምራል።

የናዝሬቷ አንጥረኛ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አንተም ወንድሜ። ማግኔቱን አስጠጋሁት፤ ከእፍኙ ግማሽ በላይ ተጣበቀ። ፕራይመሮቹ ሁሉም ጉድጓድ አላቸው። የቀሩትን አጥቤ ጥግ ላይ አሞቅኳቸው። አብዛኞቹ ሸጋ ሆነው ተዘረጉ። ግን አረንጓዴ የያዙት እንዳሉ ናቸው፣ ሞቀውም ይሰነጠቃሉ። ሰውየውን ስጠይቀው ጆንያው ለብዙ ዓመት የከብት በረት ውስጥ ነበር አለኝ። ከድሮው ጠመንጃ ከውጅግራ ቀለሃም ሁለት አሉት፤ ወፋፍራም ናቸው፣ አጓጉተውኛል።

ጋሽ ቶርኖ፦
በረት ካልሽማ መልሱ ተገኘ። የከብት ሽንት አሞኒያ ያወጣል። የናስ ጠላቱ አሞኒያ ነው። እንግሊዞች ሕንድ ውስጥ በዝናብ ወራት ጥይታቸውን ፈረስ ጋጣ ያከማቹ ነበር፤ ማንም ሳይነካው ቀለሃው በራሱ ይሰነጠቅባቸው ነበር። ምክንያቱ በጥናት ተለይቶ የታወቀው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። ከመጎተቱ የቀረ ውጥረት ናሱ ውስጥ አለ፣ አሞኒያው ደግሞ በደቂቅ ስንጥቅ ይገባል። ስንጥቁ አንዴ ከገባ እሳት አይመልሰውም። እነዚያን ለጌጥ አትጠቀሚባቸው። የሠራሽውንም በአሞኒያ መወልወያ አታጽጂ። ሎሚና ጨው ይበቃል፣ ከዚያ በደንብ በውኃ አለቅልቂው።

ውጅግራውን ባለበት ተዪው። በዚያ ዘመን ፕራይመር ውስጥ ሜርኩሪ ነበር። ሜርኩሪ ናስን ያሰባብራል፣ ስታሞቂው ደግሞ ተን ሆኖ ይወጣል፤ መርዝ ነው። ጥንታዊ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ካገኘሽ እንዳለ ይግዛሽ።

ብር የመሰሉት ኒኬል የተለበጡ ናቸው። ናሱ ደህና ነው፣ ጆሮ ላይ ግን ብዙ ሴቶችን ያሳክካል። ለጉትቻ አታድርጊው።

ባለ ጋራዡ፦
ሕጉንም አትርሺ እህቴ። የጦር መሣሪያ አዋጅ 1177/2012 ያለ ፈቃድ ጥይት መያዝና መሸጥ ይከለክላል። የተተኮሰ ነው ብለሽ ጆንያ ሙሉ ተሸክመሽ ኬላ ላይ ብትገኚ ማን ሊሰማሽ ነው? ከመግዛትሽ በፊት ወረዳው ፖሊስ ጋ ናሙናውን ይዘሽ ሂጂና ጠይቂ። የንግድ ፈቃድሽንም አሳዪያቸው። ሰውየው ከየት እንዳመጣው በወረቀት ይፈርምልሽ።

የናዝሬቷ አንጥረኛ፦
ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። እሺ ካሉኝ ከሰውየው የምወስደው ማግኔት የማይዘውን፣ ረጅሙን፣ አረንጓዴ ያልነካውን ብቻ ነው፤ የበረቱን ጆንያ አልፈልግም። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ናሱ ቆዳ እንዳያረነጉድ ምን ልቀባው?

ጋሽ ቶርኖ፦
ላብ ነው የሚያረነጉደው፤ እዚህ ሙቀት ላይ ደግሞ ይብሳል። ከወለወልሽው በኋላ ለብ አድርጊውና ንጹሕ የንብ ሰም በጨርቅ በስሱ ቀቢው። ሲያልቅ ደንበኛሽ ራሷ መልሳ ትቀባለች። ቫርኒሽ ሲላጥ ያስቀይማል። ሰሙን ከጧፍ ሠሪዎች ግዢ፣ ፓራፊን ያልተቀላቀለበት መሆኑን አሽትተሽ።