ባሌስትራዬ ለምን ደጋግሞ ይሰነጠቃል?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ በአሮጌ ላንድሮቨር ሻሲ ላይ ራሴ በሠራኋት መኪና ጣርማበርን ወርጄ ሸዋ ሮቢት ስደርስ፣ የኋላው ባሌስትራ (የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው የብረት ንብርብር) ረጅሙ ብረት መሐሉ ላይ፣ በቡሎኑ ቀዳዳ በኩል ተሰበረ። በሦስት ወር ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን አስበይጄው ነበር፤ ባለቤቴ «ብየዳ ቤት ተከራየህ እንዴ?» ትለኛለች።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብየዳውን ተው! ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል፤ ከብየዳው ጎን እንደገና ይሰነጠቃል። መሐሉ ላይ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ባሌስትራውን ከአክስሉ (ጎማዎቹ ከሚያያዙበት ዘንግ) ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ሲላሉ ነው። አዲስ ስታስገባ ጥቂት ነድተህ መልሰህ አጥብቃቸው።

መልስ፦ ስንጥቁን ቀድሞ ለማየት ብረቱን አጽዳ፣ ነጭ ጋዝ ቀባ፣ ጠብቀህ በደንብ ጥረገው፣ የደቀቀ ጠመኔ ነስንስበት። ስንጥቅ ካለ ጋዙ ወጥቶ ቀጭን መስመር ያሰምራል። የስብራቱን ገጽስ አየኸው? ከዛገ ስንጥቁ ቆይቷል።

ጠያቂው፦ ግማሹ ዝጓል፣ ግማሹ ያበራል። የእነዚያ ቡሎኖች ዳዶም በባዶ እጄ ዞረ!