የቅጥር ደብዳቤ ሳይሰጠኝ ያለሁበትን ሥራ ልልቀቅ?

ጥያቄ፣ ከደብረ ሲና

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ካገለገልሁ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ደብረ ብርሃን የሚገኝ አንድ ፋብሪካ በኅዳር ወር ሒሳብ ሠራተኛ ፈልጎ ባወጣው ማስታወቂያ ደመወዙን «በስምምነት» ብሎ አልፎት ነበር፤ እኔም ተመዘገብሁ። ከዚያ ወዲህ ጣርማ በርን አምስት ጊዜ ተሻግሬያለሁ፦ ለጽሑፍ ፈተና፣ ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ለሚሰጥ የተግባር ፈተና፣ ለቃለ መጠይቅ፣ የጠየቁኝ ኃላፊ ሥራ ስለለቀቁ ለሌላ ቃለ መጠይቅ፣ በመጨረሻም «ፋይልሽ አልተገኘም» ተብዬ ጉርድ ፎቶና የትምህርት ማስረጃ እንደገና ለማስገባት። ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ለ3 ሰዓት ተቀጥሮ በጥበቃ ቤቱ አግዳሚ ላይ እስከ 8 ሰዓት ከተቀመጥሁ በኋላ የተጠየቅሁት የት እንደምኖርና ባል ማግባት አለማግባቴን ብቻ ነበር። የጥበቃ ሠራተኛው አዝኖልኝ ከቆሎው አካፈለኝ፤ በዚያ ግቢ ስሜን አስታውሶ የሚጠራኝ እርሱ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓርብ ማምሻውን ተደውሎ ማለፌ ተነገረኝ። በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ 14,000 ብር የተባለው ደመወዝ ግን 12,500 ሆኗል። መልሴን እስከ ሰኞ እንዳሳውቅ፣ በሳምንት ውስጥም ክሊራንስ (ካለሁበት ድርጅት የመሰናበቻ ማስረጃ) እና ዋስ ይዤ እንድቀርብ፣ የቅጥር ደብዳቤው ከዚያ በኋላ እንደሚጻፍ ተገለጸልኝ። አሁን ያልተጣራ ደመወዜ 9,600 ብር ሲሆን የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ሰውን ገና ሳይቀጥር እንዲህ የሚያንከራትት ድርጅት ውስጥ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፣ በሰው ኃይል አስተዳደር ከሠራ

እኅቴ፣ መጉላላትዎ ከክፋት ይልቅ ከዝርክርክነት የመጣ ይመስለኛል፤ ፈራሚው ሥራ አስኪያጅ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ አንድ ወረቀት 130 ኪሎ ሜትሩን ሲመላለስ ወር ሲያልፈው በዓይኔ አይቻለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ስለዚህ ያሉበት ድርጅት በመልካም ፈቃዱ ካላሰናበተዎ በቀር በሳምንት ክሊራንስ ማምጣት አይችሉም። በአዲሱ ቦታ ደግሞ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ ስለሚችል፣ በዚያ ውስጥ ለሥራው ተስማሚ አይደሉም ቢባሉ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ይሰናበታሉ። ደብዳቤ በእጅዎ ሳይኖር ለቀው ከሁለት ያጡ እንዳይሆኑ። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደሆነ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ አስቀድሞ እንዳይሰጥ ግን የከለከለው የለም። «ክሊራንስ ሲቀርብ የሚጸና» የሚል ደብዳቤ ይጠይቋቸው።

መልስ፣ ከጠባሴ

እኔም ከቤተሰቤ ተለይቼ ለሥራ ወደ ደብረ ብርሃን የመጣሁ ነኝና ሒሳቡን ልንገርሽ፤ ሙያሽ ቢሆንም ደስታ ያስረሳል። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት ከ12,500 ብር ላይ ግብር 2,400፣ የ7 በመቶው ጡረታ ደግሞ 875 ብር ይቆረጥና 9,225 በእጅሽ ይገባል። ከ9,600ው የሚደርስሽ 7,378 ስለሆነ ጭማሪው 1,847 ብር ብቻ ነው። ቃል የተገባልሽ 14,000 ቢሆን ኖሮ 2,792 ይጨመርልሽ ነበር፤ ስለዚህ በአንድ ስልክ የጭማሪሽን ሲሶ ወስደውብሻል። እኔ ለአንዲት ክፍል የምከፍለው ኪራይ ከ1,847 ብር ይበልጣል፤ የብርድ ልብሱንና የከሰሉን ወጪ ደግሞ የኅዳር ውርጭ ያስተምርሻል። ከደብረ ሲና በየቀኑ እመላለሳለሁ ብለሽ ግን እንዳታስቢ፤ ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ መኪናው የሰው እርምጃ ነው የሚሄደው።

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት

እኔ ደመወዙ እንዳለ ሆኖ ቢገቡ እመርጣለሁ። የፋብሪካ ሒሳብ፣ በተለይ የምርት ወጪ ስሌት፣ በአነስተኛ ድርጅት ውስጥ የማይገኝ ልምድ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚጠየቁትም እርሱን ነው። የዋሱን ነገር ግን አደራ። በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ያልተጻፈበት የዋስትና ውል አይጸናም። ባዶ ቦታ ያለው ቅጽ ላይ ማንንም አያስፈርሙ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰኞ ደውዬ ሥራውን እንደምፈልገው፣ ነገር ግን ደብዳቤ ሳላይ እንደማልለቅ፣ ከለቀቅሁም 30 ቀን እንደሚያስፈልገኝ ገለጽሁ። «እንዲህ ያለ አሠራር የለንም» ብለው ስልኩን ከዘጉ በኋላ ረቡዕ ዕለት ራሳቸው ጠሩኝ። ሄጄ ደብዳቤውን ሳነበው ደመወዙ 12,500 ነው፤ 30 ቀኑን ተቀብለውልኛል፤ የሥራ መደቡ ግን «ረዳት ሒሳብ ሠራተኛ» ሆኗል። የጋዜጣውን ቁራጭ አውጥቼ አሳየኋቸውና ሳልፈርም መለስሁት። እስኪታረም ድረስ መልቀቂያ አላስገባም፤ ዋስ ሊሆነኝ የነበረውን አጎቴንም የገንዘቡ መጠን በቅጹ ላይ ተጽፎ እስኪያይ እንዲቆይ ነግሬዋለሁ።